ማጅራት ገትር፦ ሐኪሙ ከጀርባ ውሃ የሚቀዳው ለምንድን ነው?

ትኩሳትና ራስ ምታት ቤታችን ሲገቡ ስም አናጣላቸውም። ሕፃን ከሆነ «ጥርስ ሊያወጣ ነው» እንላለን፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ሰው ከሆነ «ምች መትቶታል» ተብሎ ዳማከሴ ይታሻል፤ ከቆላ የተመለሰ ከሆነ ወባ ይጠረጠራል፤ ቀናት ከተቆጠሩ ደግሞ ታይፎይድና ታይፈስ ይመረመራል። አብዛኛውን ጊዜም ነገሩ በዚሁ ያልፋል። አልፎ አልፎ ግን ከእነዚህ አንዱም ያልሆነ፣ ጠዋት «ራሴን አመመኝ» ያለን ሰው ማታ ራሱን የሚያስት በሽታ ይመጣል። ማጅራት ገትር ይህ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በባክቴሪያ የሚመጣው ማጅራት ገትር ከሚይዛቸው ስድስት ሰዎች አንዱን ይገድላል፤ ከአምስት አንዱ ላይ ደግሞ መስማት መሳንን፣ የሚጥል በሽታን ወይም ሌላ ከባድ ጉዳት ይተዋል። መድኃኒት የሌለው በሽታ ቢሆን ኖሮ ይህ አያስገርምም ነበር። ነገር ግን መድኃኒት አለው፤ በሆስፒታሎቻችን በየቀኑ የሚሰጥ፣ ስሙ ለብዙ አስታማሚ አዲስ ያልሆነ የመርፌ መድኃኒት ነው። ጉዳዩ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። ሰዓቱ ደግሞ ሁለት ቦታ ይባክናል፤ አንደኛው ቤት ውስጥ፣ ምልክቱን እስክንለይ ድረስ፤ ሁለተኛው ሆስፒታል ደርሰን ሐኪሙ «ከጀርባው ውሃ ወስደን እንመርምር» ሲል ቤተሰብ ተሰብስቦ እሺ እስኪል ድረስ። «ከጀርባ ውሃ የተቀዳ ሰው ሽባ ይሆናል» የሚለው ወሬ ከመርፌው ቀድሞ አልጋው አጠገብ ይደርሳል። ስለዚህ ውሃው ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሚሠራና ሐኪሙ ለምን እንደሚፈልገው ከመነሻው እንየው።

አንጎል የተቀመጠበት ውሃ

አንጎላችን በሦስት ሽፋኖች ተጠቅልሏል። የውጪው ወፍራምና ጠንካራ ነው፤ የመካከለኛው ስስ ነው፤ የውስጠኛው ደግሞ አንጎሉ ላይ የተለጠፈ ነው። እነዚሁ ሽፋኖች በአከርካሪ አጥንት ውስጥ ቁልቁል ወርደው ህብለ ሰረሰርን ያለብሳሉ፤ ከወገብ ዝቅ ብለውም ያበቃሉ። በመካከለኛውና በውስጠኛው ሽፋን መካከል ባለው ክፍተት ጥርት ያለ ፈሳሽ ይመላለሳል። ሕዝቡ «የጀርባ ውሃ» የሚለው ይህንን ነው፤ ነገር ግን ውሃው የጀርባ ብቻ አይደለም፣ አንጎልንም የከበበው እሱው ነው። ከወገብ የሚቀዳው ጠብታ ስለ አንጎል የሚናገረውም በዚህ ምክንያት ነው።

የዚህ ፈሳሽ ዋና ሥራ አንጎልን ማንሳፈፍ ነው። 1,400 ግራም ገደማ የሚመዝነው አንጎል በፈሳሹ ውስጥ ሲሆን ክብደቱ ወደ 50 ግራም ይወርዳል፤ ስለዚህም በራሱ ክብደት ተጨቁኖ አይጎዳም። በአንድ አዋቂ ሰው ውስጥ በማንኛውም ሰዓት 150 ሚሊ ሊትር ያህል ፈሳሽ ይገኛል። ሰውነት በቀን 500 ሚሊ ሊትር ያህል አዲስ ያመርታል፤ የቆየው ወደ ደም ይመለሳል። ስለ መርፌው ስናወራ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ያስፈልጉናል።

ፈሳሹ አንድ ደካማ ጎን አለው። በደማችን ውስጥ ባክቴሪያን የሚዋጉ ነጭ የደም ሴሎችና ፀረ እንግዳ አካላት በብዛት ይዘዋወራሉ። በደምና በአንጎል መካከል ያለው አጥር ግን ጀርምን እንደሚከለክል ሁሉ እነሱንም ይከለክላል። ስለዚህ አንድ ባክቴሪያ በሆነ መንገድ አጥሩን ካለፈ የሚያስቆመው ሳያገኝ ይራባል። በሽታው በሰዓታት የሚገሰግሰው ለዚህ ነው።

ጀርሙ ከየት ይመጣል?

ከሕዝቡ መካከል ከአሥር ሰው አንዱ ያህል ማኒንጎኮከስ የተባለውን ባክቴሪያ በአፍንጫውና በጉሮሮው ይዞ ይኖራል። አይታመምም፤ መያዙንም አያውቅም። ጀርሙ በሳል፣ በማስነጠስና በምራቅ ጠብታ ከሰው ወደ ሰው ይሻገራል፤ ሰው ተፋፍጎ በሚያድርበት ቤት፣ የተማሪ ማደሪያ፣ ካምፕና እስር ቤት ይቀናዋል። በጥቂት ሰዎች ላይ የጉሮሮውን ግድግዳ አልፎ ደም ውስጥ ይገባል፤ ከደም ወደ አንጎል ሽፋን ይሻገራል። ከተላለፈበት ቀን እስከ መታመም ድረስ ከ2 እስከ 10 ቀን ይወስዳል፤ ብዙ ጊዜ 4 ቀን ያህል ነው።

ሌላው ዋና ባክቴሪያ ኒሞኮከስ ነው፤ የሳንባ ምችን የሚያመጣው ይኸው ነው። አንዳንዴ መንገዱን ከደም ሳይሆን ከጆሮ ይጀምራል። ጆሮው ለወራት መግል የሚያዥ ልጅ «ሲያድግ ይተወዋል» ተብሎ የሚታለፍ ከሆነ መግሉ በአጥንቱ በኩል ወደ አንጎል ሽፋን ሊዘልቅ ይችላል። በራስ ቅሉ ላይ አደጋ ደርሶበት ከአፍንጫው ወይም ከጆሮው ጥርት ያለ ውሃ የሚፈሰው ሰውም ሽፋኑ ተቀድዶ ሊሆን ስለሚችል መታየት አለበት። በአዲስ የተወለዱ ሕፃናት ላይ ደግሞ በወሊድ ጊዜ ከእናት የሚተላለፉ ሌሎች ባክቴሪያዎች ይበዛሉ።

ከባክቴሪያ ውጭ ቫይረሶችም ማጅራት ገትር ያመጣሉ። አብዛኛው የቫይረስ ዓይነት ቀለል ያለና በራሱ የሚድን ነው፤ ነገር ግን ከባክቴሪያው በዓይን አይለይም። የቲቢ ጀርምና ክሪፕቶኮከስ የተባለው ፈንገስ ደግሞ አካሄዳቸው ሌላ ነው፤ ቀስ ብለው በሳምንታት ይመጣሉ። ክሪፕቶኮከስ በተለይ ኤችአይቪ በደማቸው ኖሮ መከላከያቸው በጣም የወረደባቸውን ሰዎች ያጠቃል። ሁለት ሦስት ሳምንት የዘለቀ፣ በማስታገሻ የማይለቅ ራስ ምታት፣ ማታ ማታ የሚነሳ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስና የጠባይ መለወጥ አብረው ከታዩ እነዚህ ሁለቱ ይታሰባሉ።

ምልክቶቹ ከየት ይመነጫሉ?

ሰውነት ባክቴሪያውን ሲያገኝ ነጭ የደም ሴሎቹን ያዘምታል፤ ሽፋኖቹ ይቆጣሉ፣ ያብጣሉ። የራስ ቅል አጥንት ግን አይለጠጥም። እብጠቱ መሄጃ ስለሌለው ግፊቱ ይጨምራል። ከባዱ ራስ ምታት፣ በተደጋጋሚ ማስመለስ፣ ከዚያም መቃዠት፣ መዘባረቅ፣ መፍዘዝና መንቀጥቀጥ የሚመጡት ከዚህ ግፊትና ከአንጎል መቆጣት ነው። የበሽተኛው ዓይን ብርሃን ይጠላል፤ መስኮት ዝጉልኝ፣ መብራት አጥፉልኝ ይላል።

የአንገቱ መገተርም ምክንያት አለው። ራሳችንን ወደ ፊት ስንደፋ የአንጎልና የህብለ ሰረሰር ሽፋን ከላይ እስከ ወገብ ይወጠራል። የተቆጣ ሽፋን ሲወጠር እጅግ ያማል፤ ስለዚህ የማጅራት ጡንቻዎች ሳንታዘዛቸው ተቆልፈው እንዳንደፋ ይከለክሉናል። በሽተኛው አንገቱን ወደ ግራና ቀኝ ማዞር ሊችል ይችላል፤ አገጩን ከደረቱ ማስነካት ግን ያቅተዋል። ሐኪሞችም የሚሞክሩት ይህንኑ ነው። ሩሲያ ውስጥ የሠራው ቭላድሚር ኬርኒግና ፖላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ዮዜፍ ብሩድዚንስኪ ከመቶ ዓመት በፊት የገለጿቸው ሁለት ምርመራዎችም በዚሁ ሐሳብ ይሠራሉ፤ በአንደኛው የታጠፈ ጉልበት ሲዘረጋ በሽተኛው ያማርራል፣ በሌላው አንገቱ ሲደፋ ጉልበቱ በራሱ ይታጠፋል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። አንገቱ አልተገተረም ማለት ማጅራት ገትር የለበትም ማለት አይደለም። በኔዘርላንድስ በአዋቂዎች ላይ በታዩ 696 የባክቴሪያ ማጅራት ገትር ክስተቶች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት ትኩሳት፣ የአንገት መገተርና የአእምሮ መዛባት ሦስቱም አብረው የተገኙት በ44 ከመቶዎቹ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። በእነዚህ ሦስት ላይ ራስ ምታት ተጨምሮ ከአራቱ ቢያንስ ሁለቱ የታዩባቸው ግን 95 ከመቶ ነበሩ። ለቤታችን የሚሆነው ደንብ ከዚህ ይወጣል፤ ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የአንገት መገተርና የአእምሮ መዛባት ከሚባሉት ሁለቱ ከተገናኙ ሦስተኛውን አንጠብቅ።

ማኒንጎኮከስ ደም ውስጥ ከተራባ ደግሞ የራሱ ምልክት አለው። በቆዳ ላይ ትንንሽ ቀይ ወይም ወይን ጠጅ ነጠብጣቦች ይወጣሉ፤ እየሰፉም የተመታ ቦታ ይመስላሉ። ጥርት ያለ ብርጭቆ ተጭኖባቸው ቀለማቸው ካልጠፋ ከቆዳ በታች ደም ፈስሷል ማለት ነው። ጥቁር ቆዳ ላይ በቀላሉ ስለማይታዩ መዳፍን፣ የእግር ጫማን፣ የታችኛውን የዓይን ቆብ ውስጡንና የላይኛውን ላንቃ ማየት ይበጃል። ሰውነቱ እየተቃጠለ እጅና እግሩ የሚቀዘቅዝ በሽተኛም በዚሁ ይጠረጠራል።

ጨቅላ ሕፃን «ራሴን» አይልም

ከአንድ ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ላይ የአንገት መገተር ብዙ ጊዜ አይታይም። የራስ ቅላቸው አጥንት ገና ስላልገጠመ ግፊቱ መውጫ ያገኛል፤ እርግብግቢቱ ይወጠርና ወደ ላይ ያብጣል። ልጁ ሳያለቅስ፣ ቀና ብሎ በተያዘበት ጊዜ እርግብግቢቱ ካበጠ አደገኛ ምልክት ነው። ጡት አልጠባም ማለት፣ ከወትሮው የተለየ ቀጭንና የሚሰቀጥጥ ለቅሶ፣ ሲያቅፉት የባሰ ማልቀስ፣ መልፈስፈስ፣ መደንዘዝና መንቀጥቀጥ አብረውት ይመጣሉ። ጨቅላ ከሆነ ትኩሳት ላይኖር ይችላል፤ እንዲያውም ሰውነቱ ሊቀዘቅዝ ይችላል። እንዲህ ያለውን ልጅ «ጥርሱ ነው» ብሎ ማሳደር አይገባም።

መንቀጥቀጥና መቃዠት በመንፈስ የሚተረጎምበት ቤትም ብዙ ነው። ጸሎቱም ጸበሉም ለእምነቱ ባለቤት ይቀጥል፤ ሆስፒታሉ ግን ይቅደም። ማጅራት ገትር የጸበሉ ሰባት ቀን እስኪሞላ አይጠብቅም።

መርፌው የሚገባው የት ነው?

አሁን ወደ ተፈራው ነገር እንምጣ። ጀርመናዊው ሐኪም ሃይንሪሽ ክቪንከ ከወገብ ፈሳሽ የመቅዳትን ዘዴ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው። ከዚያ ወዲህ አሠራሩ በመሠረቱ አልተለወጠም።

በሽተኛው በጎኑ ተኝቶ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ሰብስቦ ይታጠፋል፤ ወይም ተቀምጦ ወደ ፊት ያጎነብሳል። ሲታጠፍ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል። ሐኪሙ ጓንት አድርጎ ቦታውን በጀርም ገዳይ ያጸዳል፤ ቆዳውን በማደንዘዣ ያደነዝዛል፤ ከዚያ ቀጭን መርፌ በሁለት አጥንቶች መካከል ያስገባል። መርፌው ፈሳሹ ጋ ሲደርስ ውሃው በራሱ ግፊት ጠብ ጠብ ይላል፤ በትንንሽ ንጹሕ ጠርሙሶች ይቀበሉታል። አጠቃላይ ሥራው ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

ፍርሃቱ ያለው መርፌው ህብለ ሰረሰርን ይወጋል በሚለው ላይ ነው። በአዋቂ ሰው ህብለ ሰረሰር የሚያበቃው ከወገብ አጥንቶች በመጀመሪያውና በሁለተኛው አካባቢ ነው። መርፌው የሚገባው ደግሞ ከዚያ ዝቅ ብሎ በሦስተኛውና በአራተኛው ወይም በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል፣ የዳሌ አጥንት ጫፍ ባለበት ከፍታ ነው። እዚያ ህብለ ሰረሰር የለም፤ በፈሳሹ ውስጥ የሚንሳፈፉ የነርቭ ጭራዎች ብቻ አሉ፣ መርፌ ሲመጣም ወደ ጎን ይሸሻሉ። በሕፃናት ህብለ ሰረሰሩ ትንሽ ዝቅ ስለሚል ቦታው በዚያው ልክ ዝቅ ተደርጎ ይመረጣል።

«ውሃው አልቆበት ቢሞትስ?» ለሚለው ከላይ ያየናቸው ቁጥሮች መልስ ይሰጣሉ። የሚቀዳው ጥቂት ሚሊ ሊትር ነው። ሰውነት በቀን 500 ሚሊ ሊትር የሚያመርት ከሆነ በሰዓት 20 ሚሊ ሊትር ያህል ማለት ነው፤ የተቀዳው በአንድ ሰዓት ውስጥ ይተካል። ከምርመራው በኋላ አንዳንድ ሰው ቀና ሲል የሚብስ፣ ሲተኛ የሚሻለው ራስ ምታት ለጥቂት ቀናት ይሰማዋል፤ የወገብ ሕመምም ሊኖር ይችላል። ሁለቱም ያልፋሉ።

ታዲያ ወሬው ከየት መጣ? ከጀርባው ውሃ የሚቀዳው ሰው አስቀድሞ በጠና የታመመው ነው። ከመካከላቸው የሚሞት፣ የሚደነቁር ወይም አካሉ የሚዝል አለ። ቤተሰቡ በዓይኑ ያየው መርፌውን እንጂ ባክቴሪያውን ስላልሆነ ጥፋቱ ለመርፌው ይሰጣል። ሳይቀዳላቸው የሞቱትን ግን ማንም አይቆጥርም።

መርፌው የሚዘገይበት ጊዜ መኖሩም እውነት ነው። በሽተኛው ጨርሶ ራሱን ከሳተ፣ በቅርብ ካንቀጠቀጠው፣ ግማሽ አካሉ ከዛለ፣ ደሙ የማይረጋ ከሆነ ወይም መርፌው በሚገባበት ቦታ ቁስል ካለ ሐኪሙ ይቆያል፤ አስፈላጊ ከሆነም መጀመሪያ ሲቲ ስካን ያዛል። በዚህ ጊዜ የማይዘገየው መድኃኒቱ ነው። ደም ለምርመራ ይቀዳና ሕክምናው ወዲያው ይጀመራል።

ውሃው ምን ይናገራል?

ጤነኛ ሰው የጀርባ ውሃ ቀለም የለውም። በባክቴሪያ ማጅራት ገትር የተያዘ ሰው ውሃ ግን ሩዝ የታጠበበት ውሃ ይመስላል፤ ያደፈረሰው በውስጡ የፈሰሰው ነጭ የደም ሴል ነው። በአንድ ማይክሮ ሊትር ውስጥ፣ በጤና ጊዜ ከአምስት የማይበልጡት ሴሎች በባክቴሪያ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከሺህ ያልፋሉ።

ከዚያ ስኳሩ ይለካል። በጤና ጊዜ የፈሳሹ ስኳር የደሙን ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። ባክቴሪያ ሲኖር ከደሙ 40 ከመቶ በታች ይወርዳል፤ ፕሮቲኑ ደግሞ ይጨምራል። ቫይረስ ከሆነ ውሃው ጥርት ያለ፣ ስኳሩ ደህና፣ ሴሎቹም ጥቂትና ሌላ ዓይነት ናቸው። ቲቢ ከሆነ ስኳሩ ይወርዳል፣ ፕሮቲኑ በጣም ይወጣል፣ ሴሎቹ ግን ቫይረስ ላይ የሚታዩትን ዓይነት ናቸው፤ ጂን ኤክስፐርት በተባለው መሣሪያም ይፈተሻል። ክሪፕቶኮከስ በልዩ ቀለም በማይክሮስኮፕ ወይም በፈጣን መመርመሪያ ይታያል።

የግራም ቀለም ምርመራ የሚባለው ደግሞ ባክቴሪያውን ራሱን ያሳያል። ማኒንጎኮከስ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ቀይ፣ ኒሞኮከስ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ወይን ጠጅ ይወጣል። ይህ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይደርሳል። ባክቴሪያውን አሳድጎ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው የሚለየው የካልቸር ምርመራ ቀናት ይወስዳል። ስለዚህ አንድ የውሃ ናሙና ሕክምናው ስንት ቀን እንደሚሆን፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚቀጥል፣ የቤት ሰው መድኃኒት ያስፈልገው እንደሆነና በወረዳው ወረርሽኝ ተነስቶ እንደሆነ ይወስናል። ውሃው ካልተቀዳ ሐኪሙ በግምት ያክማል።

እዚህ ላይ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የሚገዛ አሞክሲሲሊን የሚያደርሰው ጉዳት ይታያል። ክኒኑ ባክቴሪያውን ለመግደል በቂ ሆኖ ወደ አንጎል ሽፋን አይደርስም፤ ነገር ግን ትኩሳቱን ለጊዜው ያበርድና ቤተሰቡን ያዘናጋል፤ በላቦራቶሪም ባክቴሪያው እንዳይበቅል ያደርጋል። ሆስፒታል ስትደርሱ ምን ተወስዶ እንደነበር አትደብቁ፤ ፓኬቱን ይዛችሁ ሂዱ። ወባ ባለበት አካባቢ ደግሞ የወባ ምርመራ አብሮ ይደረጋል፤ አንጎልን ያጠቃ ወባ ማጅራት ገትርን ይመስላልና። ወባ መገኘቱ ብቻውን ግን ማጅራት ገትርን አያስቀርም፤ ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ይችላሉ።

ሕክምናው እንዴት ይሠራል?

ዋናው መድኃኒት ሴፍትሪያክሶን ነው። ለአዋቂ ሰው ብዙውን ጊዜ 2 ግራም በየ12 ሰዓቱ በደም ሥር ይሰጣል፤ ለልጆች በክብደታቸው ይሰላል። መጠኑ ከፍ ያለው በደምና በአንጎል መካከል ያለው አጥር ከመድኃኒቱ ጥቂቱን ብቻ ስለሚያሳልፍ ነው። ሽፋኑ በተቆጣበት ጊዜ አጥሩ ይላላና መድኃኒቱ በተሻለ ይገባል፤ በሽተኛው እየተሻለው ሲሄድ አጥሩ መልሶ ይጠብቃል። በሦስተኛው ቀን ተነስቶ ቢቀመጥና ቢበላም መርፌው የማይቆመውና ወደ ክኒን የማይለወጠው በዚህ ምክንያት ነው። ማኒንጎኮከስ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን፣ ኒሞኮከስ ከአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን ይታከማል። «ተሽሎታል፣ እንውሰደው» ማለት በሽታውን መልሶ መጥራት ነው።

ሴፍትሪያክሶን ባክቴሪያውን የሚገድለው ግድግዳውን አፍርሶ ነው። ሲፈርስ የሚበተነው ስብርባሪ ሽፋኑን የበለጠ ያስቆጣል። ስለዚህ ሐኪሙ ተገቢ ሆኖ ሲያገኘው ዴክሳሜታሶን የተባለ ቁጣ አብራጅ መድኃኒት ከመጀመሪያው መርፌ ጥቂት ቀደም ብሎ ወይም አብሮ ይሰጣል፤ በተለይ የመስማት ጉዳትን ይቀንሳል። ከዘገየ ግን ጥቅሙ ይጠፋል። ግሉኮስ፣ ኦክስጅን፣ መንቀጥቀጥ ማስቆሚያና የትኩሳት ማብረጃ እንደ ሁኔታው ይታከላሉ።

የቲቢ ማጅራት ገትር እስከ አንድ ዓመት የሚዘልቅ የክኒን ሕክምና ይጠይቃል። የክሪፕቶኮከሱ የራሱ የፈንገስ መድኃኒቶች አሉት። በሄርፐስ ቫይረስ አንጎሉ የተቆጣ ሰው አሳይክሎቪር ይሰጠዋል፤ ለሌሎቹ ቫይረሶች እንክብካቤና ማስታገሻ ይበቃል።

በማኒንጎኮከስ ከታመመ ሰው ጋር አንድ ቤት የሚያድሩ ሰዎች አንድ ጊዜ የሚወሰድ ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ሌላ መከላከያ ይሰጣቸዋል። ሊጠይቅ ለመጣው ጎረቤት ሁሉ ግን አያስፈልግም። በሽተኛው ሴፍትሪያክሶን ከጀመረ ከ24 ሰዓት በኋላ ጀርሙን አያስተላልፍም፤ እስከዚያ ጥየቃውን ማቆየት ነው።

ከዳነ በኋላ

የጆሮ ውስጠኛው ክፍል ከአንጎል ውሃ ጋር በቀጭን መተላለፊያ ይገናኛል፤ ቁጣው በዚያ በኩል ይገባል። ስለዚህ ማንኛውም ከባክቴሪያ ማጅራት ገትር የዳነ ሰው ከሆስፒታል ሳይወጣ፣ ካልሆነም በአንድ ወር ውስጥ ጆሮው መመርመር አለበት። በትንንሽ ልጆች ጉዳቱ በቀላሉ አይታወቅም። «ከታመመ ወዲህ አልታዘዝ አለ»፣ «ሲጠሩት ዝም ይላል» የሚባለው ልጅ አልሰማ ይሆናል። መናገር የጀመረ ልጅ ካልሰማ ንግግሩም ይጠፋል። ትምህርት የከበደው፣ የሚያንቀጠቅጠው፣ እግሩን የሚጎትት ካለም ክትትሉ መቀጠል አለበት።

በጋው፣ አቧራውና ክትባቱ

እ.ኤ.አ. በ1963 ፈረንሳዊው ሐኪም ሊዮን ላፔሶኒ የአፍሪካን «የማጅራት ገትር ቀበቶ» በካርታ ላይ አመለከተ። ዛሬ ቀበቶው ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ 26 አገሮችን ያካትታል። ወረርሽኙ በበጋ፣ አየሩ ሲደርቅና አቧራ ሲበዛ ይነሳል፤ ዝናብ ሲጥል ይቆማል። ደረቁ አየርና አቧራው የአፍንጫና የጉሮሮን ስስ ሽፋን ስለሚጎዳ ጀርሙ መግቢያ እንደሚያገኝ ይታመናል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1981 እና በ1989 የተነሱት ወረርሽኞች እያንዳንዳቸው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አጠቁ። እ.ኤ.አ. በ1996 እና 1997 ደግሞ በቀበቶው አገሮች 250,000 ያህል ሰው ታሞ 25,000 ያህሉ ሞተ።

ከእነዚህ ወረርሽኞች አብዛኞቹን ያመጣው የማኒንጎኮከስ «ኤ» ዝርያ ነበር። ሜንአፍሪቫክ የተባለው ክትባት በተለይ ለዚህ ቀበቶ ተሠራ፤ የአንዱ መጠን ዋጋ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች እንዲሆን ታስቦ በሕንድ ተመረተ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2010 በቡርኪና ፋሶ ተጀመረ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 በሦስት ዙር ከ1 እስከ 29 ዓመት ያሉ 60 ሚሊዮን ገደማ ሰዎችን ከተበች። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ በቀበቶው በ«ኤ» ዝርያ የታመመ ሰው በላቦራቶሪ አልተረጋገጠም። ይህ ክትባት ምን ያህል እንደሚሠራ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። ሌሎቹ ዝርያዎች «ሲ»፣ «ደብልዩ» እና «ኤክስ» ግን አሉ፤ አምስት ዝርያ የሚከላከለው አዲስ ክትባት እ.ኤ.አ. በ2024 በናይጄሪያ መሰጠት ጀምሯል።

ሕፃናት በጤና ጣቢያ በ6ኛ፣ በ10ኛና በ14ኛ ሳምንት የሚወስዷቸው ክትባቶችም ከዚሁ ሥራ ውስጥ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው ፔንታ ሂብ የተባለውን ባክቴሪያ፣ በ2011 የገባው ደግሞ ኒሞኮከስን ይከላከላሉ። ለሐጅና ለዑምራ የሚሄድ ሰው አራት ዝርያ የሚከላከለውን ክትባት ከመድረሱ ቢያንስ 10 ቀን በፊት መውሰድ አለበት። የሳዑዲ መንግሥት ይህን የሚጠይቀው እ.ኤ.አ. በ1987 በሐጅ ወቅት የተነሳው ወረርሽኝ በተመላሽ ተጓዦች ወደ ብዙ አገሮች ስለተሻገረ ነው።

ለቤታችሁ የሚሆነው ይህ ነው። ትኩሳት ያለበት ሰው ከባድ ራስ ምታት፣ የአንገት መገተር፣ መቃዠት ወይም መንቀጥቀጥ ከታከለበት እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ጡት ያቆመ፣ የፈዘዘ፣ እርግብግቢቱ ያበጠ ሕፃንም እንዲሁ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ ካልተገኘ በተገኘው ተሽከርካሪ ሂዱ። ምን መድኃኒት እንደተወሰደ ንገሩ። ሐኪሙ ከጀርባ ውሃ ልቅዳ ካላችሁ ያልገባችሁን ጠይቁ፣ ከዚያ ሳትውሉ ሳታድሩ ፈቃዳችሁን ስጡ። በማጅራት ገትር ሰው የሚሞተው በመዘግየት ነው፤ መርፌው መዘግየቱን ያሳጥራል።